ከእሳቱ ሦስት ጣት

ሲስተር ጥሩወርቅ ሳል መዋጥ ታውቃለች። ይህን የነርስ ትምህርት ቤት አላስተማራትም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ጅማ ከተማ በአንድ ሆስፒታል ኦፕሬሽን ክፍል፣ ከዶክተር ወልደሰማያት በስተቀኝ ቆማ በራሷ ደረት የተማረችው ነው። በተከፈተ የሰው ገላ ላይ የጎነበሰ ሰው አያስልም። ሳሉ ሲመጣባት ምላሷን ከላንቃዋ ታጣብቃለች፣ ትንፋሿን በቀጭኑ ትስባለች፣ እንባዋ ሲወርድ ፊቷን ወደ ትከሻዋ ዞር ታደርጋለች። እጇ ግን ከሥራው አይለይም። ዶክተሩ «መቆንጠጫ» ብሎ ሳይጨርስ መቆንጠጫው መዳፉ ላይ ነው። እንዲህ ያለች ሴት በየሆስፒታሉ አትገኝም።

ጭሱ የሚመጣው ከካውተሪው ነው። ካውተሪ የሚሉት ደም የሚያቆም የኤሌክትሪክ ብዕር ነው። ጫፉ የደም ሥሩን ሲነካ ጭስ ይላል፣ ሥሩ ይዘጋል፣ ደሙ ቀጥ ይላል። ከምሥራቅ ጀርመን ከመጣ ጀምሮ ስንት እናት ወደ ልጆቿ መልሷል፤ ማሽኑን የሚያማ የለም። ግን የተቃጠለ ሥጋ ይጨሳል። የተለበለበ ጠጉር ይሸታል፣ የተጠበሰ ስብ ይሸታል። መስኮት እንዳይከፈት ዝንቡና በኅዳር ወር ከቡና መቀሸሪያዎቹ የሚነሣው የገለፈት ብናኝ ቁስል ውስጥ ሊገባ ነው። ስለዚህ ጭሱ ከትልቁ መብራት ሥር ተንሳፍፎ ይቆይና መውጫ ሲያጣ ሰው ውስጥ ይገባል።

ያ ማክሰኞ፣ ኅዳር 1979 ዓ.ም.፣ ሦስት ሰው በላይ በላዩ ነበር የተሠራው። ሦስተኛው ተሰፍቶ እንዳለቀ ጥሩወርቅ ጓንቷን አውልቃ በጓሮው በር ወጣችና ግድግዳውን ተደግፋ የዋጠችውን ሳል ሁሉ አወጣችው። ዓይኗ በርበሬ መስሏል። ዶክተር ወልደሰማያት በጨው ውሃ የራሰ ጎዝ፣ የቁስል መጥረጊያ ጨርቅ፣ ይዞ ተከትሏት ወጣ።

«ቀና በይ» አላት። አገጯን በጣቱ ደግፎ ዓይኗን ያጥብላት ጀመር። እንባዋ ከጨው ውሃው ጋር ተቀላቅሎ በጉንጯ ይወርዳል።

«ዶክተር፣ ተዉት፤ ራሴ...»

«ዝም በይ። ይህ ክፍል ሳንባሽን እየበላው ነው። እጅ እንዳንቺ ያለ አላየሁም፤ ግን ቀብሬሽ አልሠራም። ዓርብ የዝውውሩን ወረቀት ፈርሚ፤ አዲስ አበባ ሂጂ።»

ከበላያቸው ጣራው ላይ ቆርቆሮ ሲንቋቋ ሰማች። ዓይኗ ውሃ ሞልቶት ስለነበር ቀና ብላ ለማየት አልቻለችም። ጠርጋ ስታይ መሰላሉ ቆሟል፤ አዲሱ የላሜራ ቱቦ ከጣራው በላይ ቀጥ ብሏል፤ ቱቦውን ሲተክል የዋለው ሰውዬ ግን የለም።

ሰውየው ደሬሳ ነበር።

ደሬሳ ከጅማ አቅራቢያ ያለው የሰርቦ ቡና መቀሸሪያ መካኒክ ነው። የዛሬ ሦስት ወር ቺንጋው፣ ማሽኑን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ክንዱን ይዞት ሥጋውን እስከ አጥንቱ ገልጦት መጣ። ክንዱን ብቻ አደንዝዘው ሲሠሩት አእምሮው ንቁ ነበርና ቀና ብሎ ከቆብና ከጭንብል መካከል የምትታየውን ጥንድ ዓይን ያይ ነበር። ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል።

«ሲስተር፣ ይኼ ጭስ ከየት ነው የሚመጣው?» አላት።

«ካንተ ነው» አለችው።

«እኔ ነኝ እንዴ የምጨሰው?»

«አዎ። እንዳትንቀሳቀስ።»

ሣቁ ክንዱን አነቃነቀውና ዶክተሩ ተቆጣ። ደሬሳ ግን ዝም አላለም። «እኛ ገለፈት ፈልፋዮቹ እንኳ ብናኙን ገና ሲወለድ ከማሽኑ አፍ ጎትተን ወደ ደጅ ነው የምናስወጣው። እናንተ የሰው ጭስ ትውጣላችሁ? ነውር አይደለም?» አለ።

ዶክተሩ መስፋቱን ቀጠለ። ደሬሳ ግን ነገሩን ይዞት ሄደ። ቁስሉን ሊያስጠርግ በመጣ ቁጥር ደብዳቤ ያመጣ ጀመር። ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሑፉ እንደ ብሎን ተራ በተራ የተጠበቀ ነው። ክንዱ ሲድን ደግሞ ደብዳቤው ገለፈት በሚጭነው በሾፌሩ በሸኩር መኪና ከሰርቦ ይመጣና በክፍሉ ፅዳት ሠራተኛ በእትዬ ፋንቱ እጅ፣ በታጠበ ጋውን ተጠቅልሎ ለጥሩወርቅ ይደርሳል። አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፈላት። አሥራ አንዱም ስለ ቱቦ ነው። «መስኮቱ ከወለሉ ስንት ክንድ ነው? መብራቱ በየት በኩል ይንጠለጠላል? ባለፈው ስትስቂ ደረትሽን ይዘሽ ነበር፤ በየትኛው ጎን ነው የሚያምሽ?» ይላል። እሷም ትመልስለታለች። «ቁስል አጠገብ የሚደርስ ነገር ሁሉ መቀቀል አለበት። ላሜራህ አይቀቀልም። ጫፉን እኔ ከጎማ አደርገዋለሁ፤ የጨርቅ እጅጌ እሰፋለታለሁ። ቱታህን ደግሞ አንድ ቀን እጠበው።» የወደደ ሰው ደብዳቤ ምን መምሰል እንዳለበት የሚያውቅ ቢያነበው የፍቅር ነው አይልም። እሷ ግን በትራሷ ሥር አስቀምጣው ነው የምታድረው።

ጭሱን በቱቦው የሚስበውን ሞተር ያገኘው ከመቀሸሪያው ጓሮ ከተጣለ የገለፈት መንፊያ ነው። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ የመቀሸሪያው ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ከፈለ መፈረም ነበረባቸው።

«ሆስፒታሉ ቡና መቀሸር ጀመረ እንዴ?» አሉት።

«አልጀመረም ጓድ ሊቀመንበር። ግን አንድ ቀን እርስዎም እዚያ አልጋ ላይ ይተኛሉ» አላቸው። በቀይ እስክሪብቶ ፈረሙለት።

የሆስፒታሉ ኃላፊ በበኩሉ አንድ ሙከራ ብቻ ፈቀደ፤ ሐሙስ። ካልሠራ ሞተሩ ወደ ሰርቦ ይመለሳል። ጥሩወርቅም ለዶክተሩና አዲስ አበባ ላለው ታላቅ ወንድሟ ለዓምደሚካኤል ቃል ሰጥታለች፤ ካልሠራ ዓርብ የዝውውሩን ወረቀት ትፈርማለች። ዝውውሩ ለቢሮ ሥራ ነው። ከዝውውሩ ጀርባ ደግሞ የወንድሟ ጓደኛ፣ ባለ መኪና፣ ባለ ቢሮ ሰው ሽማግሌ ሊልክ ተዘጋጅቷል።

ይህ ሁሉ እያለ ነው፣ ከማክሰኞው ሁለት ቀን በፊት፣ የእሑዱ ነገር የመጣው።

እሑድ ደሬሳ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በበቾ ቦሬ ሰፈር ወደሚገኘው ወደ እነ ጥሩወርቅ ቤት ሄደ፤ እናቷን ሰላም ሊል፣ ራሱን ሊያሳይ። ከሆስፒታሉ ጣራ በቀጥታ ስለመጣ የመሣሪያ ቦርሳው ትከሻው ላይ ነበር። እናቷ ወይዘሮ ውብነሽ በሩን ከፍተው ቦርሳውን ሲያዩ፣ «ከቀበሌ ነው የላኩህ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ቧንቧው ሲያንጠባጥብ! በጓሮ ዙር» አሉት። ደሬሳ አንድ አፍታ ቆመ። ከዚያ በጓሮ ዞረ። ቧንቧውን ፈታ፣ ጎማውን ቀየረ፣ አጠበቀ። ጥሩወርቅ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እጁን በሸሚዙ ጫፍ ሲያብስ አገኘችው። «ቧንቧ ሠሪው መጣልን» አሉ እናቷ ደስ ብሏቸው።

አፏን ከፍታ «እንግዳዬ ነው እማዬ» ብትል ያን ጊዜ ነበር። ዓይኑ ዓይኗን ጠበቀ። እሷ ግን ሳል መዋጥ የለመደች፣ ቃሉንም ዋጠችው። ለደሬሳ በጣሳ ውሃ ሰጡት፤ ቆሞ ጠጣ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» ብሎ ወጣ።

ማክሰኞ ከጣራው ከወረደ በኋላ እትዬ ፋንቱ በታጠበ ጋውን የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው መጡ።

«አስቀምጡልኝና ሂዱ አለኝ። መልስ አልጠበቀም» አሉ። «ሰውየውን ምን አድርገሽው ነው?»

«እኔ ምን አደረግሁት?»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ፊቱን ግን አንብቤዋለሁ። ክፈቺው።»

ከፈተችው። ከአራተኛው ደብዳቤ ጀምሮ «አንቺ» ይላት የነበረው ሰው ተመልሶ «እርስዎ» ብሏት ነበር።

«ክብርት ሲስተር፣ ቱቦውን ጨርሻለሁ። ሞተሩ ከግድግዳው ውጪ ነው፤ ብልጭታ ቢኖረው ወደ ውስጥ አይገባም። አስታማሚዎች ከመስኮቱ ሥር ስለሚቀመጡ ጭሱ እንዳይወርድባቸው ከጣራ በላይ አሳልፌዋለሁ። የቱቦው አፍ ከእሳቱ ሦስት ጣት ይራቅ። ከዚህ በላይ የምነግርዎ የለም። ዓርብ እንደሚፈርሙ በጆሮዬ ሰማሁ፤ እንባዎን የሚጠርግልዎ እጅ እንዳለም በዓይኔ አየሁ። እሑድ ለምን ዝም እንዳሉ አሁን ገባኝ። መሣሪያው ለበሽተኞቹ ነው። እኔ ከእንግዲህ አልመጣም። ደሬሳ።»

ጥሩወርቅ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። መጀመሪያ ተናደደች።

«ለዶክተሩ ያለቀስኩ መስሎታል! የጭስ እንባ መሆኑ እንዴት ይጠፋዋል? እሱ መቀሸሪያ ውስጥ የሚውል ሰው! አርባ ሴት በፊቱ ዓይኗን እያሸች ስትውል የሚያይ ሰው!»

«ይጠፋዋል» አሉ እትዬ ፋንቱ መወልወያቸውን ተደግፈው። «የሚወድ ሰው እንባ ሲያይ መካኒክነቱ ይጠፋበታል። ደግሞ እሱን ምን ትፈርጂበታለሽ? እሱ ያልሆነውን አየሁ አለ። አንቺ እሑድ ያየሽውን አላየሁም አልሽ። የማናችሁ ይብሳል?»

ጥሩወርቅ ወረቀቱን አጥፋ በደረቷ በኩል አስገባችው፤ በዚያው በሚያማት ጎን።

ረቡዕ ሆስፒታል ውላ የጎማውን ጫፍ ቀቀለች፣ እጅጌውን ሰፋች፤ ማታ ቤት ገባች። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጀምራ ቀደደች። ዝም ያለው አፏ ነው፤ እጇ ቢጽፍ ምን ይጠቅማል? እናቷ እራት አቅርበው ከፊቷ ተቀመጡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል የነበረው ቧንቧ ጸጥ ብሏል።

«እማዬ፣ ያ ሰውዬ ቧንቧ ሠሪ አይደለም።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«የእሑዱ። ደሬሳ ይባላል። የሰርቦ መቀሸሪያ መካኒክ ነው። ከቀበሌ አልተላከም፤ እኔ ዘንድ ነበር የመጣው። አንቺን ሰላም ሊልሽ።»

ወይዘሮ ውብነሽ የያዙት ጉርሻ እጃቸው ላይ ቀረ። «መካኒክ» አሉ። «አባትሽ የዳኛ ልጅ። አንቺ ሲስተር። ወንድምሽ እዚያ ሰው አዘጋጅቶ ይጠብቅሻል። እና እጁ ዘይት የጠጣ ሰው?»

«አዎ።»

«የጋኔን ነገር! ደግሞ አዎ ትለኛለች!» ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔ ባለ መኪናውን አይደለም የፈለግሁት። ሌሊት ስትስዪ በግድግዳው በኩል እሰማሻለሁ። እቆጥራለሁ። ያ ክፍል ሊገልሽ ነው። ከዚያ ጭስ የሚያወጣሽ ሰው ካለ ለሰይጣንም ቢሆን እድርሻለሁ ብዬ ነው።»

ጥሩወርቅ የእናቷን እጅ ያዘች። «ጭሱን ከእኔ የሚያወጣው እሱ ነው እኮ፣ እማዬ። ሦስት ወር ሙሉ ሌላ ሥራ አልሠራም። ነገ ይሞከራል።»

እናቷ እጃቸውን አልነጠቁም። በዚያ ቤት ውስጥ የማያንጠባጥበው ቧንቧ ብቻ ይሰማ ነበር።

ጠዋት ልትወጣ ነጠላዋን ስትለብስ ወይዘሮ ውብነሽ በሩ ላይ ቆመው፣ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ደጅ እያዩ፣ «ያ ሰው ውሃውን ቆሞ ነው የጠጣው» አሉ። «በርጩማ አልሰጠሁትም።» ሌላም ነገር ጨመሩ፤ ምን እንዳሉ በኋላ ይነገራል። ጥሩወርቅ ግን እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ መሬት የረገጠች አልመሰላትም።

ሐሙስ የተሠራችው እናት ከአጋሮ የመጣች ቡና ለቃሚ ናት፤ ትከሻዋ ላይ የበቀለው እጢ ቅርጫት እንዳትሸከም አድርጓታል። ብዙ ደም ያለው፣ ብዙ ማቃጠል የሚፈልግ ሥራ ነው። ጥሩወርቅ የተቀቀለውን የጎማ ጫፍ በሰፋችው እጅጌ አልብሳ ከአረንጓዴው ጨርቅ ጋር በመቆንጠጫ አሰረችው። ጣቷን አስጠግታ ለካች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ውጪ እትዬ ፋንቱ ማብሪያው አጠገብ ቆመዋል።

«ያብሩ!»

ሞተሩ አጓራ። ካውተሪው ጭስ አለ። ከዚያ ጉድ ሆነ። ቱቦው ጭሱን ከመሳብ ይልቅ ቁስሉ ጠርዝ ላይ ያለውን ጎዝ ላፍ አድርጎ ዋጠው፤ አፉ ተዘግቶ እንደ ታነቀ ከብት ያቃስት ጀመር። ጭሱ እንደ ልማዱ ወደ ላይ ወጣ። ጥሩወርቅ ላይ ሳሉ መጣባት።

«አውጪልኝ ይሄንን!» አለ ዶክተሩ። «የወፍጮ ዕቃ ነው ብያለሁ! ፋንቱ፣ አጥፉ!»

ምላሷን ከላንቃዋ አጣበቀች። ሳሉን ዋጠች። ሊሆን አይችልም። ያ ሰው ልኬት አይሳሳትም። አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፎ አንድም ቁጥር አልሳተም። ከእሳቱ ሦስት ጣት ብሏል፤ ሦስት ጣት ለክታለች። ወደ እጇ አየች። ቀጭን ነው፤ በጓንቱ ውስጥ እንደ ልጅ እጅ ነው።

ያን ጊዜ ነው የገባት።

ሦስት ጣት ብሎ የጻፈው በራሱ እጅ ለክቶ ነው! ያንን እጅ ደግሞ እሷ ታውቀዋለች። ሦስት ሳምንት ጠርጋ ጠቅልላዋለች። ሰፊ፣ አንጓው እንደ ለውዝ ያበጠ፣ ሃያ ዓመት ብረት የጨበጠ እጅ። ፋሻውን ስትጠቀልል መዳፉ መዳፏን ውጦ ያስቀረው ነበር።

«አንድ ደቂቃ ይስጡኝ፣ ዶክተር።»

«ሲስተር፣ ታካሚዋ...»

«አንድ ደቂቃ አልኩ!»

በዚያ ክፍል ውስጥ ሲስተር ጥሩወርቅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ዶክተር ወልደሰማያት እጁን አንሥቶ ቆመ። ጎዙን አወጣችና ዓይኗን ጨፈነች። ያ እጅ መዳፏ ላይ እንዳለ አድርጋ አሰበችው፤ ክብደቱን፣ ሙቀቱን፣ ከሌባ ጣቱ እስከ ቀለበት ጣቱ ያለውን ስፋት። ዓይኗን ገለጠች። የቱቦውን አፍ ወደ ኋላ ሳበችው፤ በእሷ ጣት ሦስት ሳይሆን አምስት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አሰረችው።

«እትዬ ፋንቱ፣ ያብሩ! ዶክተር፣ ይቀጥሉ።»

ካውተሪው ጭስ አለ። ጭሱ ብቅ አለ፣ ወደ ላይ ሊነሣ ሲል እንደ ተጠራ ሰው አንገቱን ዞር አደረገ፣ ቀጥኖ እንደ ክር ቱቦው ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው ገባ። ጎዙ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ዶክተሩ ከጎነበሰበት ቀና ብሎ፣ «መብራቱን ማነው የጨመረው?» አለ።

መብራቱን የጨመረው የለም። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በመብራቱና በእጃቸው መካከል ምንም ነገር አልነበረም። ጥሩወርቅ በረጅሙ ተነፈሰች። አየሩ እስከ ደረቷ ወለል ወረደ፤ ምንም አልነካትም። እጢው በሁለት ሰዓት ተለቅሞ ወጣ፤ የአጋሮዋ እናት በሰላም ተሰፋች። ዶክተር ወልደሰማያት ጓንቱን ሲያወልቅ፣ «የዓርቡን ወረቀት ምን ላድርገው?» አላት።

«ይመልሱት። አልሄድም።»

«እኔስ መቼ እንድትሄጂ ፈለግሁ» አለና ፈገግ አለ። «ያንን ሰው ግን አምጪው። እጁን ልጨብጠው እፈልጋለሁ።»

«እርስዎን እንኳ ለጊዜው ባያይዎት ይሻላል» አለች፤ እትዬ ፋንቱ በሩ ላይ ቆመው በሣቅ ፈነዱ።

ሸኩር ገለፈት ሊጭን ባዶውን ወደ ሰርቦ ሊመለስ ነበር። አረንጓዴ ቆቧን እንኳ ሳታወልቅ መኪናው ላይ ስትወጣ አፉን ከፍቶ አያት።

«ሲስተር፣ ወላሂ፣ ሰው ሞቶ ነው?»

«ሊሞት ያለ አለ። ንዳ።»

ሰርቦ ሲደርሱ መቀሸሪያው በሙሉ ኃይሉ ያጓራል። ብናኙ ፀሐይዋን ቢጫ አድርጓታል። በረጅሙ መደዳ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ነጭ ጫማዋን አይተው እጃቸውን አቆሙ። ደሬሳ በጀርባው ተኝቶ ከማሽኑ ሥር ነበር፤ እግሩ ብቻ ይታያል።

«ያ ደሬሳ!» ብላ ጠራችው አንዷ ለቃሚ በኦሮምኛ። «ከሆስፒታል ሊወስዱህ መጡ!»

ሴቶቹ ሣቁ። ደሬሳ ከማሽኑ ሥር ወጥቶ ሲያያት ፒንሳው ከእጁ ወደቀ። ፊቱን ወዲያው አጠነከረው።

«አልሠራም ማለት ነው» አለ። «ሦስት ጣት ብዬ ነበር እኮ።»

«በማን ጣት?»

«እንዴት በማን ጣት?»

«እጅህን ስጠኝ» አለችው። አልሰጣትም። ራሷ ያዘችው፤ በዘይትና በገለፈት የጠቆረውን እጅ በአርባ ሴት ፊት ያዘችው። የእሷን እጅ ከጎኑ አደረገች። የእሱ ሦስት ጣት የእሷን አራት ጣት አልፎ አውራ ጣቷ ላይ ደረሰ። ደሬሳ አየው። መካኒክ ነውና ሁሉንም በአንድ ጊዜ አየው።

«እንዴት ደረስሽበት?» አለ፤ ‹እርስዎ› ማለቱን ረስቶት።

«ይህን እጅ ስለማውቀው።»

ብናኙ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ እንባዋ ይወርዳል። ደሬሳ ሊጠርግላት እጁን አንሥቶ መልሶ አወረደው። «ማክሰኞም እንዲህ ስታለቅሺ አይቻለሁ» አለ።

«ማክሰኞ የጭስ ነው። ይኼ የገለፈት ነው። እሑድ ማታ ያለቀስኩትን ግን ማንም አላየውም፤ እሱ ብቻ ነው የእውነት እንባ። ዝም ስላልኩህ ነው።»

በዚህ መሐል ከሴቶቹ አንዷ ተነሥታ የማሽኑን ማጥፊያ ጎተተችው። «አይሰማንም!» አለች። ሴቶቹ ሁሉ ተንጫጩ። «ጮክ ብላ ትንገረው!» «ሲስተር፣ አትፍሪው፤ አይናከስም!»

ማሽኑ እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ጸጥ አለ። ብናኙ ቀስ እያለ ሴቶቹ ራስ ላይ፣ የቡናው ክምር ላይ፣ የጥሩወርቅ አረንጓዴ ቆብ ላይ ተኛ። አየሩ ጠራ። ጥሩወርቅ ሳል የምትውጥበትን ቦታ ጉሮሮዋ ላይ ፈለገችው፤ የሚዋጥ ነገር አልነበረም። ድምፅዋን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ አወጣችው።

«እናቴ በእኔ መልእክት ልካልሃለች» አለች። «‹ያንን ሰው ንገሪው። ቧንቧው አያንጠባጥብም። እሑድ ይምጣና ውሃውን ቁጭ ብሎ ይጠጣ። በፊት ለፊት በር› ብላሃለች።»

ደሬሳ ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ፣ በዘይታም እጅጌው ዓይኑን ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ።

«ምነው?» አለችው።

«ገለፈት ነው» አለ።

ማሽኑ ግን ከቆመ ቆይቷል።